ጥጥ ላይ የወረደው ማር

የትርንጎን ሞት የሰማሁት እንጅባራ መናኸሪያ ቆሜ፣ በሚኒባስ መስኮት ነው። የዘር ድንች ልገዛ ወጥቼ ጆንያዬን አጣጥፌ በብብቴ ይዤ ነበር። ጫግኒ ሳለን የመሥሪያ ቤቱን መኪና ይነዳ የነበረው ሾፌር ከተሳፋሪው መካከል አየኝና እጁን በመስኮት አውጥቶ ጠራኝ።

«አያ እንየው! አሉ እንዴ?»

«አለሁ፣ ይመስገን። አንተስ?»

«የትርንጎ ነገር እንዴት ነው? እኛማ በጣም ነው ያዘንን።»

«ምኗ?»

ፊቱ ልውጥ አለ። የሰማሁ መስሎት ነበር የጀመረው። «አልሰሙም እንዴ? ካረፈች እኮ ሦስት ወር አለፋት። ዳንግላ ነው የተቀበረች» አለኝ። ሌላም ሊነግረኝ ሲል ረዳቱ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋውና መኪናው ሄደ።

ድንቹን ሳልገዛ ተመለስኩ። ቤት ስገባ የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ ባለቤቴ ካረፈች ቆይታለች፣ ልጆቼም በየፊናቸው ናቸው። ጎረቤት ሄጄ ላውራ እንዳልል የማያውቋት ሰው ናት። «ምንህ ናት?» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ዘመዴ አይደለችም። የሥራ ባልደረባዬ እንዳልል እሷ የተማረች ባለሙያ፣ እኔ ዘበኛ። ሦስት ወር ዘግይቶ የሚለቀስ ለቅሶ ደግሞ አብሮ የሚያለቅስ አይገኝለትም። ብቻዬን ተቀመጥኩ።

የተዋወቅነው ቆላ ነው። ከጫግኒ ወረድ ብሎ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የጥጥ ዘር የሚሞክርበት፣ በሽቦ የታጠረ ማሳ ነበረው። እኔ የጥርባ ሰው ነኝ፣ የደጋ ሰው። ወደዚያ የወረድኩት ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ቤቱ ሲሰፋብኝ ነው። ጥበቃ ይፈለጋል ሲሉ ሰማሁና ጋቢዬን ይዤ ወረድኩ።

ስለዚያ ዘር በየገበያው ብዙ ይወራ ነበር። ዘረ-መሉ የተለወጠ ነው፣ ተባይ አይበላውም፣ መድኃኒት መርጨት ቀረ ይባላል። አንዳንዱ ይፈራል፣ አንዳንዱ ዘሩን መቼ ትሰጡናላችሁ እያለ ከአጥሩ ሥር አይጠፋም። ትርንጎ ለእኔ ያስረዳችኝ በመጣች በማግስቱ ነው።

«ጋሽ እንየው፣ የጥጡን ፍሬ ቦርቡሮ የሚገባውን ጓይ ትል ያውቁታል አይደል?»

«እንዴታ! እርስዎ ሳይወለዱ አውቀዋለሁ።»

«እርስዎ አይበሉኝ፣ ልጅዎ ነኝ። እንግዲህ አፈር ውስጥ የምትኖር በዓይን የማትታይ ተሕዋስ አለች። የእሷን ትል የመግደል ጠባይ ወስደው ጥጡ ውስጥ አስገቡበት። ትሉ ቅጠሉን ሲቆረጥም ሆዱን ያመውና ይሞታል። ያ ነው ነገሩ።»

«ሌላውስ ተባይ?»

«እሱን ልናይ አይደል የመጣነው!» ብላ ሳቀች።

ያኔ አርባን የተሻገረች ይመስለኛል። አላገባችም። ቀጭን ናት፣ ቦቲ ጫማዋ ለእግሯ ይሰፋል፣ ስትራመድ ቧ ቧ ይላል፤ መምጣቷን የማውቀው በእሱ ነበር። አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር አንዲት ትንሽ አጉሊ መነጽር በክር አንጠልጥላለች። ጫግኒ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ጠዋት በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በእግሯ ትመጣለች። ሌሎቹ ሠራተኞች ምሳ ሲበሉ ይጫወታሉ፣ ይላፋሉ፤ እሷ በሩ አጠገብ ካለው ዋንዛ ሥር ብቻዋን ትበላለች። ኩራት ነው ይሏት ነበር። እኔ እንኳ መጀመሪያ እንደዚያው መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳየው ጨዋታ መጀመር የማትችል ሰው ናት፤ የሚጀምርላት ካገኘች ግን ጨዋታ ታውቃለች። ዳንግላ ተወልዳ ያደገች ናትና ሰው ሲኖር በአማርኛ፣ ሁለታችን ስንሆን በአዊኛ እናወራ ነበር። አዊኛ ስታወራ ድምጿ ይለሰልሳል።

ሥራዋ ቆጠራ ነው። በየሳምንቱ ሠላሳ እግር ጥጥ ትመርጣለች፤ ከእያንዳንዱ ከላይ አንድ፣ ከመሃል አንድ፣ ከታች አንድ ቅጠል። ቅጠሉን አትቆርጠውም። በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ሕፃን ልጅ ጆሮው ኋላ ታጥቦ እንደሆነ እንደሚያዩት አድርጋ ቀስ ብላ ትገለብጠዋለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በመነጽሯ ታያለች። የቅጠል ፊት ለጎብኚ ነው፣ ለእኛ ጀርባው ነው ትል ነበር። እየቆጠረች ከነፍሳቱ ጋር ታወራለች።

«አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ? ትናንት አልነበርሽም። ጋሽ እንየው፣ ነጭ ዝንብ ሁለት ይበሉ።»

እኔ መዝገቡን ይዤ ከኋላዋ እሄዳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ መስመር ማስመር ግን አያቅተኝም። እሷ ስትጠራ እኔ እርሳሱን በምራቄ እያራስኩ አሰምራለሁ። ጓይ ትል፣ ባዶ። ክሽክሽ፣ አራት። ክሽክሽ የምትባለው ያቺ ጎመን ላይ ተለጥፋ የምናያት ትንሽ አረንጓዴ ነፍሳት ናት፤ ጥጥም ላይ አለች። በዚያ ክረምት ትሉ በእርግጥ አልነበረም። አጎራባች የሆነው የታፈረ ጥጥ በትል ተበሳስቶ እያለ የእኛ ፍሬ እንደ እንቁላል ለስላሳ ነበር። ታፈረ ከአጥሩ ማዶ መርጫውን በጀርባው ተሸክሞ ሲያየን ይተክዛል።

«አያ እንየው፣ ይሄን ዘር ካገኘሁ ይሄን ጉድ ከጀርባዬ አውርጄ ወንዝ ነው የምጥለው!»

«አይጣሉት፣ ይቆይ» ትለዋለች ትርንጎ ቀና ሳትል።

ኅዳር ላይ፣ ለሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እናቷ አልጋ መያዛቸውን ሰማች። ከመሥሪያ ቤቱ አለቃ ፈቃድ ብትጠይቅ ትልቅ ጉብኝት እየደረሰ ነው፣ ከዚያ በኋላ ትሄጃለሽ አላት። ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሽ እንየው፣ ሄጃለሁ። ሳያስፈቅዱኝ ነው። በእነዚህ ቀናት ቅጠሉን እየገለበጡ ይዩልኝ። ተባይ ካዩ፣ እንግዳ ነገር ካዩ ይደውሉልኝ። ባዩበት ቀን ደርሼ፣ ቆጥሬ እመለሳለሁ።»

«ሂጂ ልጄ፣ እኔ አለሁ» አልኳት። አንቺ ያልኳት ያን ቀን ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳልቀንስ ልጻፈው።

ተባይ ስትለኝ ለእኔ ትል ነው። ትል ፈለግሁ። ትል የለም። ከሚካኤል በኋላ ግን አንድ ጠዋት ፀሐይ ወጣ ስትል የጥጡ ቅጠል አብረቀረቀ። ጠል መሰለኝ። ረፋድ ላይም አልደረቀም። ነካሁት፣ ይጣበቃል። ጣቴን ላስኩት። ጣፋጭ! ጉንዳን በግንዱ ይወጣል ይወርዳል፤ ለጽዮን ማርያም ደግሞ ንብ መጣ። እኔ የአገው ልጅ፣ ከቀፎ ጋር ያደግሁ ሰው፣ ንብ ሲመጣ ሳይ ልቤ የት ይቆማል? አዲሱ ጥጥ ማር ያልበዋል ብዬ አመንኩ። ትሉን የሚገድል ጠባይ ካስገቡበት፣ ማር የሚያወጣ ጠባይስ ለምን አያስገቡበትም?

ታፈረን በአጥሩ ቀዳዳ አቀመስኩት። አጣጣመው።

«ማር ነው! ሙት! ይሄ ጥጥ ማርም ይሰጣል?»

«ቀስ በል፣ ሰው እንዳይሰማ» አልኩት።

ከእሱ ባዶ ቀፎ ተዋስኩና ዋንዛው ላይ ሰቀልኩ። ለትርንጎ አልደወልኩም። እናቷ ታመዋል፣ ምን ላስቸግራት ብዬ ነው ስል ከርሜአለሁ። እውነቱ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ብትመጣ ለአለቃው ትናገራለች፣ አለቃው ቀፎውን ያስወርደዋል ብዬ ነው። ማሩን ፈልጌው ነው። ቅጠሉ ጫፉ እየተኮማተረ፣ ፊቱ ጥቀርሻ እየለበሰ ሲሄድ እንኳ ፀሐይ ነው እያልኩ አለፍኩት።

ትርንጎ ታኅሣሥ ሲገባ ተመለሰች። ጥቁር ለብሳለች። እናቷን ቀብራ በሦስተኛው ቀን ነው የመጣችው። እግዜር ያጥናሽ ሳልላት፣ ከበሩ ላይ ማሳውን ስታይ ቆመች። ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችና ገባች። አንድ ቅጠል ገለበጠች። መነጽሯን አላወጣችም፤ አያስፈልግም ነበር። የቅጠሉ ጀርባ በክሽክሽ ተሸፍኖ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሏል።

«መቼ ነው የጀመረው?»

«ማሩ?» አልኳት።

«የምን ማር?»

ነገርኳት። ቀና ብላ ዋንዛው ላይ የተሰቀለውን ቀፎ አየች። መጀመሪያ ሳቀች፤ እውነተኛ ሳቅ፣ ሆዷን ይዛ። ከዚያ መሃል ላይ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት። እናቷን አልቅሳ ያልጨረሰች መሆኗን ያኔ አወቅሁ።

«ማር አይደለም ጋሽ እንየው። ክሽክሽ የቅጠሉን ፈሳሽ ትጠጣለች፤ ጠጥታ ጠጥታ የተረፋትን በኋላዋ ትጥለዋለች። ያ ነው የሚጣፍጠው።»

«በኋላዋ?»

«በኋላዋ።»

ተፋሁ። ሦስት ሳምንት ዘግይቼ ተፋሁ። እሷም እንባዋን እየጠረገች እንደገና ሳቀች።

«ይሄ ዘር እኮ ትል ነው የሚገድለው» አልኩ አፌን እየጠረግሁ።

«የሚቆረጥመውን ነው። ቆርጥሞ የዋጠ ይሞታል። ክሽክሽና ነጭ ዝንብ አይቆረጥሙም፤ አፋቸው እንደ መርፌ ነው፣ ወግተው ይመጥጣሉ። የገባው ነገር እነሱን አይነካም። ድሮ ለትሉ ስንረጭ እነሱም አብረው ይሞቱ ነበር። አሁን ለትሉ መርጨት ሲቀር ቤቱ ለእነሱ ተለቀቀላቸው።» ትንሽ አሰበችና «ጾሙ ገብቷል አይደል? ትሉ ጾም ይዟል። ክሽክሽ ግን እኔ መች በላሁ፣ ጠጣሁ እንጂ ትላለች» አለችኝ።

ቀልዷ ይሄ ነው። በእናቷ ሐዘን ላይ ሆና።

ከዚያ ቁጭ አድርጋ ጠየቀችኝ። ቅጠሉ ያብረቀረቀው ከሚካኤል በፊት ነው በኋላ? ጉንዳኑስ? ንቡ ለጽዮን ዋዜማ ነው ለቀኑ? ቀኑን በበዓሉ ስለማውቅ አንድም አልጠፋኝም። ሁሉን ጻፈችው። የሦስቱን ሳምንት የቁጥር ገጽ ግን ባዶ ተወችው። ለምን አልደወሉም አላለችኝም። ብትለኝ እናገር ነበር ይሆን? አላውቅም።

አለቃው በማግስቱ መጣ። ዋንዛው ሥር ነው የተነጋገሩት፤ እኔ በሩ ላይ ሆኜ ይሰማኛል።

«ባዶ ገጽ ይዘሽ ጎብኚ ፊት ልታቆሚኝ ነው? ከፊት ያለው ሳምንት አለሽ፣ የዛሬው አለሽ። መሃሉን በልክ ሙዪው። ዝቅ አድርገሽ።»

«ሦስት ሳምንት እናቴን ሳገላብጥ ነው የሰነበትኩት። ቅጠል አላገላበጥኩም። ያላገላበጥኩትን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሳታስፈቅጂ መሄድሽ ይወጣል እኮ! ሥራሽን ነው የምታጪ። እሺ፣ ለዘበኛው አደራ ሰጥቼ ዘበኛው አጠፋ በይ።»

 ሄጄ አዎ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁ ማለት ነበረብኝ። ዱላዬን ተመርኩዤ ቆሜ ቀረሁ።

«ተባይ ፈልጉ አልኳቸው፤ ትል ፈለጉ፤ ትል አልነበረም» አለች። «ቅጠል ቅመሱ አላልኳቸውም፤ እሱን በራሳቸው ነው የጨመሩት። ቀኑን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እማኝነታቸውን ጽፌዋለሁ።»

«ማር የላሰ ሽማግሌ እማኝ!»

«ላይ ታች ብለው ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸዋ። እኔም አንተም አልነበርንም።»

መድኃኒት እንዲረጭ አዘዘ፤ ተረጨ። ተረጨ ብላ ጻፈች። ክሽክሹ ሞተ፣ ቅጠሉ ግን አልታጠበም፤ ፈንድቶ የነበረው ጥጥም ያንን ፈሳሽ ጠጥቶ ቆይቷል።

የጉብኝቱ ቀን ወንበር ተደረደረ። እንግዶቹ፣ ገበሬዎቹ፣ ሚስቶቻቸው መጡ። በደህናው መስመር በኩል አስገቧቸው። ትል የነካው ፍሬ የለም፣ ሁሉም አጨበጨበ። ትርንጎ እንዳትናገር ተነግሯታል፤ ከኋላ ቆማለች። ታፈረ እጁን አወጣ።

«እንግዲህ መርጨት ቀረ ማለት ነው?»

«ቀርቷል!» አለ አለቃው።

የታፈረ ሚስት የዝና ፈታይ ናት። ወሬው አልጣማትም መሰለኝ፣ ከዳር ካለው መስመር አንድ እፍኝ ጥጥ ለቅማ ፍሬውን በጣቷ እያወጣች ነበር። እንዝርቷን ከመቀነቷ መዘዘች። ሳበች፣ ተበጠሰ። እንደገና ሳበች። ጥጡ ጣቷ ላይ ተለጠፈ እንጂ ክር አልሆንም አለ።

«ኧረ ይሄ ጥጥ ምን ነካው? ምን አጥባችሁበት ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አለቃው ስለ ጤዛ ማውራት ጀመረ። ያኔ የትርንጎ ቦቲ ቧ ቧ ሲል ሰማሁ። ሰው መሃል ገብታ መናገር ሞቷ የሆነች ሴት፣ እንግዶቹን አልፋ የዝና ፊት ቆመች። 

«እትዬ የዝና፣ ጤዛ አይደለም። ክሽክሽ ነው። ይሄ ዘር ጓይ ትልን ይችላል፤ አይታችኋል፣ እውነት ነው። የሚጠጣውን ግን አይችልም። አይበላውም ስንላችሁ አይጠጣውም የተባለ መስሏችሁ ቤታችሁ እንዳትተኙ። ጀርባውን እዩ። ሲበዛ ለእሱ የሚሆነው መድኃኒት አለ፣ ጠይቁን። ሦስት ሳምንት ሳላይ ቀርቼ ነው እዚህ የደረሰው። እኔ ነኝ ያልነበርኩ።»

እኔ ነኝ አለች። ሁለት መቶ ጆሮ እየሰማት። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ታፈረ መርጫውን አልጣለውም፤ እስከ ዛሬ እንዳለው ነው። ትርንጎን ግን ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ ደረሳት። ሥራ ጥላ በመጥፋት ተቀጥታ ሩቅ ቆላ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ አደረጓት። ቅጠል የሌለበት ቦታ። ልትሰናበተኝ ስትመጣ ወሬ አጣን። መዝገቡን ለመሥሪያ ቤቱ አስረክባለች፤ ባዶውን ገጽ ማንም እንዳይሞላው መስመር አስምራበት እንደሄደች ነገረችኝ። ዋንዛው ሥር ምሳ ስንበላ እንደተሰቀለ የቀረውን ቀፎ አየችና «ያውርዱት እንጂ» አለች። አወረድኩት። ንብ አልገባበትም ነበር።

ማሳው ከተለቀመ በኋላ እኔም ወደ ጥርባ ወጣሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደወለችልኝ። ያለችበት አገር ኔትወርክ የለም፤ ኮረብታ ላይ ወጥታ ነው የምትደውለው። «ጋሽ እንየው፣ ይሰማል?» ትላለች። ይሰማል እላለሁ። እሷ ግን አይሰማትም። «ይሰማል? ይሰማል?» እያለች ይቋረጣል። እልፍ ጊዜ በልቤ ያዘጋጀሁትን ቃል ሳልነግራት ነው እንዲህ የቀረነው።

የሚኒባሱን ወሬ በሰማሁ በሳምንቱ ዳንግላ ሄድኩ። ባጃጅ ነጂ ጠይቄ የወንድሟን ቤት አገኘሁት። ጌትነት ይባላል፣ አናጢ ነው። ግቢው ውስጥ እንጨት እየላገ ነበር። እግዜር ያጥናችሁ አልኩት። በርጩማ ሰጠኝ።

ሩቅ ቆላ ሳለች ወባ ይዟት ሐኪም ቤት ሳትደርስ መሞቷን፣ ሬሳዋ በመኪና መምጣቱን ነገረኝ። ሲናገር ዓይኑን ከእንጨቱ አላነሳም። ቁጣ ያለበት ሐዘን ነው።

«እናታችንን ቀብረን» አለ፣ «በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሳይበተን፣ ሥራዬ ብላ ተነስታ ሄደች። ሰው ምን አለን! ለጥጥ ብላ እናቷን ሳታለቅስ ሄደች አልን። እኔም አልኩ።»

«ስትመጣ ማን እንደፈቀደላት ታውቃለህ?»

«መሥሪያ ቤቷ ነዋ።»

«አልፈቀዱላትም። ፈቃድ ሳይሰጧት ነው እናቷን ልታስታምም የመጣች። ከሥራዋ ያስነሳት፣ ሩቅ ቆላ ያወረዳት እሱ ነው።»

መላጊያው ቆመ።

ከዚያ ቀሪውን ነገርኩት። አደራ እንደሰጠችኝ፣ አንድ ስልክ ብደውል ባየሁበት ቀን መጥታ ቆጥራ ወደ እናቷ ትመለስ እንደነበር፣ ገጹም ባዶ እንደማይሆን። ያልደወልኩት አዝኜላት ብቻ እንዳልሆነ፣ ማር መስሎኝ፣ ማሩን ለራሴ ፈልጌ እንደሆነ። በሰው ሁሉ ፊት እኔ ነኝ ስትል ዝም ማለቴን። ለእሷ ልናገረው ያልሆነልኝን ለወንድሟ ተናገርኩት። እንዲቆጣኝ ጠበቅሁ። ቢቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እጁን በሱሪው ጠረገ። ከኪሱ ስልኩን አወጣ፣ ከፍቶ ብዙ ፈለገና ወደ እኔ አዞረው። ዓይኔ ጥሩ አያይም፤ ስሟን ግን አነበብኩት። ትርንጎ። ከሥሩ ቀይ ምልክት በምልክት ላይ ተደርድሯል።

«እዚያ ከወረደች ወዲህ ስትደውልልኝ ነበር» አለ። «አላነሳሁላትም።»